ላፕቶፑ ከሰስፔንድ (ከእንቅልፍ) ሲነቃ ዋይፋዩ አብሮ አይነቃም (ኡቡንቱ 24.04)

ናርዶስ_24

ሰላም ለሁላችሁም። ኡቡንቱ 24.04 የተጫነበት ላፕቶፕ ነው፣ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) 6.8። ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ዋይፋዩ ግን አይመለስም። ከላይ በቀኝ በኩል ያለው የዋይፋይ ምልክት አንዳንዴ ጭራሽ ይጠፋል፣ አንዳንዴ ደግሞ ምልክቱ እያለ የኔትወርክ ዝርዝሩ ባዶ ይሆናል። ሪስታርት ሲደረግ ይስተካከላል። ለአምስት ደቂቃ ያህል ብቻ ሲተኛ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ሲቆይ ግን ከአምስት ጊዜ አራቱን ይጠፋል።

እስካሁን የተሞከረው፦ ኤርፕሌን ሞድ ማብራትና ማጥፋት (ለውጥ የለም)፣ ኔትወርክማናጀርን፣ ማለትም ግንኙነቱን የሚያስተዳድረውን ፕሮግራም፣ ሪስታርት ማድረግ (ለውጥ የለም)፣ ኢንተርኔት ላይ የተገኘ መመሪያ እንደሚለው /ኢቲሲ/ፒኤም/ስሊፕ.ዲ/ ውስጥ ስክሪፕት ማስቀመጥ (ስክሪፕቱ ጨርሶ የሚነሳ አይመስልም)።

መብራት ሲጠፋ ባትሪ ለመቆጠብ በቀን ብዙ ጊዜ ሰስፔንድ ስለማደርግ፣ በየጊዜው ክፍት የነበረውን ሥራ ሁሉ ዘግቶ ሪስታርት ማድረግ አሰልቺ ሆኗል። ከየት ልጀምር?

የተርሚናል_ሰው

ሰላም ናርዶስ። መጀመሪያ ስለ ስክሪፕቱ። ያገኘሽው መመሪያ ጊዜው ያለፈበት ነው። /ኢቲሲ/ፒኤም/ የሚለውን ፎልደር ያነብ የነበረው ፒኤም-ዩቲልስ የሚባለው ፓኬጅ ነበር። ኡቡንቱ ከ15.04 ጀምሮ ወደ ሲስተምዲ (ሲስተሙን ወደሚያስነሳውና ወደሚያስተዳድረው ፕሮግራም) ስለዞረ አሁን ያንን ፎልደር የሚከፍተው የለም። ስክሪፕቱ ያልሠራው ስህተት ኖሮበት ሳይሆን የሚጠራው ስለሌለ ነው። አጥፊው፤ በኋላ ሌላ ስክሪፕት ሲጨመር ሁለቱ እንዳይምታቱብሽ።

አሁን ግን ሌላ ስክሪፕት ለመጻፍ አትቸኩዪ። «ዋይፋዩ አልነቃም» የሚለው ነገር ቢያንስ አራት የተለያየ ችግር ሊሆን ይችላል፤ የአንዱ መፍትሔ ለሌላው አይሠራም። ካርዱ ተቆልፎ ሊሆን ይችላል። ድራይቨሩ፣ ማለትም ካርዱን ከከርነሉ ጋር የሚያነጋግረው ፕሮግራም፣ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ካርዱ ራሱ ከማዘርቦርዱ ጋር ከሚያገናኘው መስመር ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ወይም ካርዱ ደህና ሆኖ ከላዩ ያለው ነገር፣ ማለትም አድራሻው ወይም ዲኤንኤሱ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይረው) ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። የሚለዩት ደግሞ ችግሩ በተከሰተበት ሰዓት ብቻ ነው፤ ሪስታርት ከተደረገ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ ዋይፋዩ በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠፋ ምንም ሳትነኪ እነዚህን በተራ አስገቢና የሚወጣውን እዚህ ለጥፊ። ትዕዛዞቹን እንደ አነባበባቸው ነው የምጽፋቸው፣ ተርሚናሉ ላይ የሚገቡት በላቲን ፊደል ነው።

አርኤፍኪል ሊስት
ኤልኤስፒሲአይ -ኤንኤንኬ
አይፒ ሊንክ
ካት /ሲስ/ፓወር/ሜም_ስሊፕ
ሱዶ ጆርናልሲቲኤል -ኬ -ቢ

የመጀመሪያው ካርዱ መቆለፉንና አለመቆለፉን ይነግራል። «ሶፍት ብሎክድ» የሚለው ላይ «የስ» ካለ ቀላል ነው፣ ሱዶ አርኤፍኪል አንብሎክ ዋይፋይ ይፈታዋል። «ሃርድ ብሎክድ» ላይ «የስ» ካለ ግን ይህ ትዕዛዝ አይፈታውም፤ ቁልፉ ያለው በላፕቶፑ ጎን ያለ ማብሪያ ማጥፊያ ወይም ከኪቦርዱ ከላይ ካሉት ቁልፎች አንዱ ላይ ነው። ማብሪያ ማጥፊያው በሌለበት ላፕቶፕ ላይ «ሃርድ» ካለ ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው የላፕቶፑን ቁልፎች የሚያስተዳድረው ሞጁል (ከርነሉ ላይ የሚጫንና የሚወርድ ቁራጭ ፕሮግራም) ነው፤ ኤችፒ-ደብሊውኤምአይ ወይም አይዲያፓድ_ላፕቶፕ የሚባሉት አይነቶች ማለቴ ነው። ያንን ለጊዜው በሞድፕሮብ -አር አውርዶ ማየት ይቻላል።

ሁለተኛው ዋናው ነው። ዝርዝሩ ውስጥ «ኔትወርክ ኮንትሮለር» የሚል መስመር ከነጭራሹ ከሌለ ካርዱ ከመስመሩ ወጥቷል፤ ያኔ ድራይቨር መጫንና ማውረድ ጊዜ ማባከን ነው። መስመሩ ካለ ከሥሩ «ከርነል ድራይቨር ኢን ዩዝ» እና «ከርነል ሞጁልስ» የሚሉትን ሁለቱንም ላኪልን። ሁለቱ ስሞች ሊለያዩ ስለሚችሉ አንዱ ብቻ አይበቃም።

የመጨረሻው ትዕዛዝ ከሚያወጣው ሎግ (የከርነሉ መዝገብ) ሙሉውን አትለጥፊ። ወደ መጨረሻው ውረጂና «ፒኤም፦ ሰስፔንድ ኤክዚት» ከሚለው መስመር አካባቢ ጀምሮ ያለውን 40 መስመር ያህል ብቻ። ከእሱ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለውም አይቅር፤ አንዳንድ ካርድ የሚበላሸው ሲነቃ ሳይሆን ሲተኛ ነው።

ሽቦ_አልባ

ውጤቱ እስኪመጣ አንድ ትንሽ ነገር፦ የምትገናኚው በስልክ ሆትስፖት ከሆነ ስልኩንም ተመልከቺ። ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ማንም ሳይገናኝ ጥቂት ደቂቃ ካለፈ ሆትስፖቱን በራሳቸው ያጠፋሉ። ላፕቶፑ ሲተኛ ይለያያል፣ ስልኩ ብቻውን ይቀራል፣ ያጠፋዋል። ላፕቶፑ ሲነቃ የሚፈልገው ኔትወርክ የለም። «ለአጭር ጊዜ ሲተኛ ደህና ነው፣ ሲቆይ ይጠፋል» ያልሽው ከዚህም ጋር ይገጥማል። ስልኩ ላይ የሆትስፖት ሴቲንግ ውስጥ በራሱ እንዲጠፋ የሚያደርገው ምርጫ አለ፣ እሱን ማጥፋት ነው። የጎረቤቶች ዋይፋይ እየታየ የአንቺ ብቻ ከጠፋ ይሄ ነው፤ የሁሉም ከጠፋ ግን ላፕቶፑ ነው።

ሌላው፣ ስልኩ ሆትስፖቱን በ5 ጊጋኸርዝ የሚያሰራጭ ከሆነና ላፕቶፑ ያለበትን አገር ካላወቀ ያንን ቻናል ላይጠቀመው ይችላል። አይደብሊው ሬግ ጌት ብለሽ «ካንትሪ 00» ካለ አገሩን አያውቅም ማለት ነው። ሱዶ አይደብሊው ሬግ ሴት ኢቲ ለኢትዮጵያ ያስተካክለዋል፤ ግን እስከሚቀጥለው ሪስታርት ብቻ ነው፣ የራሳቸውን ሕግ ይዘው የሚመጡ ካርዶችም አይቀበሉትም።

ናርዶስ_24

አመሰግናለሁ። ሆትስፖት አይደለም፣ የቤት ራውተር ነው፤ የጎረቤትም ኔትወርክ አይታይም። ዛሬ ለሁለት ሰዓት ተኝቶ ሲነቃ እንደገና ጠፋ። ኢንተርኔት ያገኘሁት ስልኩን በዩኤስቢ ኬብል አገናኝቼ ነው። ውጤቱ፦

አርኤፍኪል ላይ ሶፍትም ሃርድም «ኖ» ይላል።

ኤልኤስፒሲአይ ላይ ካርዱ 03:00.0 ላይ አለ። ድራይቨር ኢን ዩዝ፦ አርቲደብሊው_8822ሲኢ። ከርነል ሞጁልስ፦ አርቲደብሊው88_8822ሲኢ።

ሜም_ስሊፕ፦ [ኤስ2አይድል] ዲፕ

ሎጉ ላይ «ፈርምዌር ፌይልድ ቱ ሊቭ ኤልፒኤስ ስቴት» የሚል መስመር ደጋግሞ አለ፣ ከእሱ ቀጥሎ «ፌይልድ ቱ ሴንድ ኤች2ሲ ኮማንድ» ይላል፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

የተርሚናል_ሰው

ጥሩ፣ አሁን በግምት መሄድ ቀረ። አልተቆለፈም፤ ከመስመሩም አልወጣም። ኮምፒውተሩ ካርዱን ያየዋል፤ ካርዱ ግን ሲጠሩት አይመልስም።

ሁለቱ መስመሮች ምን እንደሚሉ ላስረዳ፣ ምክንያቱም መፍትሔው ከዚያው ይወጣል። የዋይፋይ ካርድ የራሱ ፕሮግራም ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ ፈርምዌር የሚባለው ያ ፕሮግራም ነው። ኤልፒኤስ ማለት ትራፊክ በሌለበት ጊዜ ካርዱ ኃይል ለመቆጠብ ራሱን የሚያሳርፍበት ሁኔታ ነው፣ «ዲፕ» የሚባለው ደረጃው ደግሞ ከካርዱ አብዛኛውን ክፍል ያጠፋል። ኤች2ሲ ማለት ከኮምፒውተሩ ወደ ካርዱ የሚላክ ትዕዛዝ ነው። እንግዲህ ላፕቶፑ ሲነቃ ድራይቨሩ «ከዕረፍት ውጣ» ይላል፣ ፈርምዌሩ በተወሰነለት ጊዜ አይመልስም፣ ከዚያ በኋላ የሚላከው ሁሉ ሰሚ ያጣል። ኔትወርክማናጀርን ሪስታርት ማድረግ ያልጠቀመሽ ለዚህ ነው። እሱ ከድራይቨሩ በላይ ነው ያለው፣ የተኛው ከድራይቨሩ በታች ነው።

ለአሁኑ፣ ያለ ሪስታርት ለመመለስ፦

ሱዶ ሞድፕሮብ -አር አርቲደብሊው88_8822ሲኢ
ሱዶ ሞድፕሮብ አርቲደብሊው88_8822ሲኢ

88 ያለበትን ስም መጻፍሽን አረጋግጪ። ሞድፕሮብ የሚያውቀው የሞጁሉን ስም እንጂ የድራይቨሩን አይደለም፤ ያለ 88 ከጻፍሽው ሞጁሉ አልተገኘም ይልሻል። የመጀመሪያው ትዕዛዝ 30 ሰከንድ አልፎት ካልተመለሰ ተይው፣ ደጋግመሽ ኮንትሮል-ሲ መጫን አይጠቅምም። ከርነሉ ውስጥ የሞተ ካርድ መልስ እየጠበቀ ስለሆነ ከዚያ የሚያወጣው ሪስታርት ብቻ ነው።

ለዘለቄታው ግን ጥልቁን ዕረፍት መከልከል ነው። ፋይል ፍጠሪ፦

ሱዶ ናኖ /ኢቲሲ/ሞድፕሮብ.ዲ/አርቲደብሊው88.ኮንፍ

ውስጡ አንድ መስመር፦

ኦፕሽንስ አርቲደብሊው88_ኮር ዲሴብል_ኤልፒኤስ_ዲፕ=1

የፋይሉ ስም በ«.ኮንፍ» ማለቅ አለበት። ካላለቀ አይነበብም፣ ስህተት አለ ብሎም አይነግርሽም። አስቀምጪውና አንድ ጊዜ ሪስታርት አድርጊ፣ ከዚያ መያዙን በዚህ አረጋግጪ፦

ካት /ሲስ/ሞጁል/አርቲደብሊው88_ኮር/ፓራሚተርስ/ዲሴብል_ኤልፒኤስ_ዲፕ

«ዋይ» ፊደል ካሳየ ገብቷል። «ኤን» ካለ ፋይሉ አልተነበበም፤ የፊደል ስህተት ፈልጊ። ይህንን ማረጋገጫ ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ከዚያ «መፍትሔው አልሠራም» ይላል፤ መፍትሔው ግን ጭራሽ አልተሞከረም።

ይህ ብቻውን ካልበቃ ሁለተኛ መስመር ጨምሪበት፦

ኦፕሽንስ አርቲደብሊው88_ፒሲአይ ዲሴብል_ኤኤስፒኤም=1

ኤኤስፒኤም ካርዱን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው መስመር ራሱ ኃይል ለመቆጠብ የሚያርፍበት ነገር ነው። ሁለቱን በአንድ ላይ አታስገቢ፤ የትኛው እንደጠቀመ ለይቶ ማወቅ ጥሩ ነው፣ ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ባትሪ ይበላሉና።

ሽቦ_አልባ

የተርሚናል_ሰው ያለው ላይ የምጨምረው፦ ኔትወርክማናጀርም የራሱ ኃይል መቆጠቢያ አለው፣ ኡቡንቱ ላይ ደግሞ ሲጫን ጀምሮ ክፍት ነው። /ኢቲሲ/ኔትወርክማናጀር/ኮንፍ.ዲ/ ውስጥ ዲፎልት-ዋይፋይ-ፓወርሴቭ-ኦን.ኮንፍ የሚባል ፋይል አለ፤ ውስጡ ዋይፋይ.ፓወርሴቭ = 3 ይላል። 3 ማለት ይቆጥብ፣ 2 ማለት አይቆጥብ ነው። 0 የሚል ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ 0 ማለት «እንደ ነባሪው» እንጂ «አጥፋ» አይደለም።

ያንን ፋይል ከማረም ይልቅ እዚያው ፎልደር ውስጥ ስሙ በፊደል ተራ ከእሱ በኋላ የሚመጣ ሌላ ፋይል መጨመር ይሻላል፣ ለምሳሌ ዜድዜድ-ፓወርሴቭ.ኮንፍ። ፋይሎቹ በፊደል ተራ ነው የሚነበቡት፣ የኋለኛው የፊተኛውን ይሽራል፣ አፕዴት ሲመጣም የአንቺው አይነካም። ከላይ በቅንፍ [ኮኔክሽን] የሚለውን ርዕስ አትርሺ፣ ያለ እሱ መስመሩ ትርጉም የለውም። መጥፋቱን አይደብሊው ዴቭ፣ ከዚያ የካርዱ ስም፣ ከዚያ ጌት ፓወር_ሴቭ በማለት ማየት ይቻላል።

ሜም_ስሊፕ ላይ ያየሽው ደግሞ ትኩረት ይገባዋል። ቅንፍ ውስጥ ያለው አሁን የሚሠራው ነው። ኤስ2አይድል ላይ ላፕቶፑ እውነተኛ እንቅልፍ አይተኛም፤ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፣ እያንዳንዱ ክፍል ራሱን በራሱ እንዲያሳርፍ ይተዋል። ዲፕ ላይ ግን ከሜሞሪው በቀር አብዛኛው ነገር ኃይል ያጣል፣ ሲነቃ ባዮሱ (ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የማስነሻ ፕሮግራም) ብዙውን ነገር እንደ አዲስ ያስነሳዋል። በግማሽ ዕረፍት ላይ ሆኖ መመለስ የሚያቅተው ካርድ ጠፍቶ ሲነሳ ደህና የሚሆንበት ጊዜ አለ። የአንቺ ላፕቶፕ ዲፕን በዝርዝሩ ስላሳየ መሞከር ትችያለሽ፦

ኤኮ ዲፕ | ሱዶ ቲ /ሲስ/ፓወር/ሜም_ስሊፕ

(ቲ የሚለው በላቲን ሦስት ፊደል ነው፣ ቲ-ኢ-ኢ።) ይህ ሪስታርት ሲደረግ ይሻራል፤ መጀመሪያ እንዲህ መሞከር ያለበትም ለዚህ ነው። አንዳንድ ላፕቶፕ ዲፕን አለኝ ይልና ከተኛ በኋላ ጥቁር ስክሪን ይዞ ይቀራል። ያ ከሆነ የኃይል ቁልፉን ተጭነሽ አጥፊው፣ ሲነሳ ወደ ቀድሞው ተመልሷል። ክፍት ፋይልሽን ሁሉ ሳታስቀምጪ ግን አትሞክሪው። ከሠራ፣ /ኢቲሲ/ዲፎልት/ግረብ ውስጥ በ«ሊኑክስ_ዲፎልት» በሚያልቀው መስመር፣ በጥቅሱ መካከል ሜም_ስሊፕ_ዲፎልት=ዲፕ ጨምሪና ሱዶ አፕዴት-ግረብ በይ።

ማዕበል_ኤም

ርዕሱን ልጠቀምበትና፣ እዚህም ተመሳሳይ ችግር አለ፣ ግን ድራይቨሩ አይደብሊውኤልዋይፋይ ነው። ሎጉ ላይ «ታይምአውት ዌይቲንግ ፎር ሃርድዌር አክሰስ» ይልና መጨረሻው ላይ 0ኤክስኤፍኤፍኤፍኤፍኤፍኤፍኤፍኤፍ የሚል ቁጥር አለ። ሞጁሉን አውርዶ መጫን ለውጥ የለውም። ጋሼ የተርሚናል_ሰው፣ ይሄም ኃይል መቆጠቢያ ነው?

የተርሚናል_ሰው

ማዕበል፣ ያንተ ከናርዶስ የተለየ ነው፣ ከላይ «ካርዱ ከመስመሩ ወጥቷል» ያልኩት ነው። ያ በኤፍ የተሞላ ቁጥር ራሱ ይመሰክራል። ኮምፒውተሩ ፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር ላይ የሌለ ዕቃ ሲያነብ መልሱ ሁሉም ቢት 1 የሆነ ቁጥር ነው፤ ድራይቨሩ ያነበበው ባዶ ሶኬት ነው ማለት ነው። ስለዚህ ድራይቨሩን ደጋግመህ ብትጭነው የሚያናግረው ካርድ የለም።

መስመሩን ራሱ እንደገና ማስቆጠር ነው ያለብህ። አድራሻውን ከኤልኤስፒሲአይ ውሰድ፣ 02:00.0 ነው እንበል፦

ኤኮ 1 | ሱዶ ቲ /ሲስ/ባስ/ፒሲአይ/ዲቫይስስ/0000:02:00.0/ሪሙቭ
ኤኮ 1 | ሱዶ ቲ /ሲስ/ባስ/ፒሲአይ/ሪስካን

በመካከሉ ሁለት ሰከንድ ያህል ጠብቅ። «ሱዶ ኤኮ 1 >» ብለህ አትጻፈው፤ ሱዶ የሚሠራው ለኤኮ ነው፣ ወደ ፋይሉ የሚጽፈው ግን ያንተው ሼል ስለሆነ «ፐርሚሽን ዲናይድ» ይልሃል።

ካርዱ ከተመለሰ፣ ሁለተኛው እርምጃ መጀመሪያውኑ ኃይሉ ሙሉ በሙሉ እንዳይቋረጥበት ማድረግ ነው። እዚያው የካርዱ ፎልደር ውስጥ ዲ3ኮልድ_አላውድ የሚል ፋይል አለ፤ በዚያው አኳኋን 0 ጻፍበት። ሎጉ ላይ «ከዲ3ኮልድ ወደ ዲ0 መለወጥ አልተቻለም» የሚል ትርጉም ያለው መስመር ካለ ይህ በቀጥታ ይመለከትሃል። ሪስታርት ሲደረግ ስለሚጠፋ /ኢቲሲ/ቲኤምፒፋይልስ.ዲ/ ውስጥ በ.ኮንፍ የሚያልቅ ፋይል አድርገህ ይህን መስመር አስገባ፦

ደብሊው /ሲስ/ባስ/ፒሲአይ/ዲቫይስስ/0000:02:00.0/ዲ3ኮልድ_አላውድ - - - - 0

መነሻው ላይ ያለው ደብሊው ትንሹ ፊደል ነው።

ካርዱ ከሪስካን በኋላም ካልታየ ሪስታርትም ላይመልሰው ይችላል፤ ሪስታርት ሲደረግ የካርዱ ኃይል ስለማይቋረጥ። ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ አጥፋው፣ ቻርጀሩን ንቀል፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጣው፣ የኃይል ቁልፉን ለ30 ሰከንድ ተጭነህ ያዝ፣ ከዚያ ሰክተህ አስነሳው። ላፕቶፑ ላይ ዊንዶውስም ካለ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚለውን ዊንዶውስ ውስጥ ገብተህ አጥፋ። እሱ ክፍት ሲሆን ዊንዶውስ ሲዘጋ በትክክል አይዘጋም፣ ካርዱን በራሱ አኳኋን አስተኝቶ ይተወዋል፣ ሊኑክስ ሲነሳ ያንን ይረከባል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ካልዳነ የባዮስ አፕዴት ካለ ማድረግ፣ ከዚያ ካርዱን ከሶኬቱ አውጥቶ መልሶ ማስገባት ይቀራል። ሁለቱን የአንቴና ሽቦዎች ስትነቅል ከሽቦው ሳይሆን ከራሳቸው ከክቧ ብረት ይዘህ ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ ነው። አድራሻው 00:14.3 ሆኖ ካገኘኸው ግን ሲኤንቪአይ የሚባለው አይነት ነው፤ የሥራው ከፊሉ የሚሠራው ላፕቶፑ ቺፕሴት ውስጥ ነው። ያንን ካርድ ነቅሎ በማንኛውም ላፕቶፕ ላይ መፈተን አይቻልም፣ ያለ ልኩ ማዘርቦርድ ደህናውም ካርድ የሞተ ይመስላል።

ናርዶስ_24

ውጤቱን ልናገር። ዲሴብል_ኤልፒኤስ_ዲፕ ብቻውን ሲሆን ከ10 ጊዜ 3ቱን ጠፋ፤ ከበፊቱ ብዙ ይሻላል ግን አልዳነም። «ዋይ» ማለቱን አረጋግጫለሁ። የኤኤስፒኤሙን መስመር ስጨምር ግን 12 ጊዜ ተኝቶ 12ቱንም ተመለሰ፣ ከእነዚህ አራቱ ከአንድ ሰዓት በላይ የቆዩ ናቸው። ዲፕ የሚለውን አልሞከርኩም።

ሁለት ጥያቄ ብቻ። አንደኛ፣ ሁልጊዜ ሰዓት እየጠበቁ ከመሞከር የሚፈጥን መንገድ አለ? ሁለተኛ፣ አንድ ቀን ቢመለስ መያዣ የሚሆን ስክሪፕት በትክክለኛው ቦታ እንዴት ይጻፋል?

የተርሚናል_ሰው

ደስ ይላል። ለመፈተኛው አርቲሲዌክ አለ፣ ላፕቶፑን በተቀጠረ ሰዓት ይቀሰቅሰዋል። ግን አንድ ወጥመድ አለው፦ «-ኤም ሜም» ብለሽ ከተጠቀምሽበት በሲስተምዲ በኩል ሳያልፍ ከርነሉን በቀጥታ ያስተኛዋል፤ ስክሪፕቶችሽ አይጠሩም፣ ፈተናው ከእውነተኛው ክዳን መዝጋት ጋር አንድ አይሆንም። ማንቂያውን ብቻ ሙዪው፣ ማስተኛቱን ለሲስተምዲ ተዪለት፦

ሱዶ አርቲሲዌክ -ኤም ኖ -ኤስ 4000
ሲስተምሲቲኤል ሰስፔንድ

4000 ሰከንድ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያልፋል፣ የአንቺ ችግር የሚታየው ከአንድ ሰዓት በላይ ነውና። ማታ አንድ ሁለቴ ብታደርጊው በቂ ነው።

ስክሪፕቱ የሚቀመጠው /ዩኤስአር/ሊብ/ሲስተምዲ/ሲስተም-ስሊፕ/ ውስጥ ነው፦

#!/ቢን/ኤስኤች
ኬዝ "$1" ኢን
ፕሪ) ሞድፕሮብ -አር አርቲደብሊው88_8822ሲኢ ;;
ፖስት) ሞድፕሮብ አርቲደብሊው88_8822ሲኢ ;;
ኢሳክ

የመጨረሻዋ ቃል ኬዝ የሚለው ከኋላ ወደ ፊት ተጽፎ ነው። ፋይሉን ሱዶ ሲኤችሞድ 755 ካላደረግሽው አይነሳም። ውስጡ ሱዶ አያስፈልግም፣ ሲስተምዲ የሚጠራው በሩት (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) ነው።

ሞጁሉን «ፕሪ» ላይ፣ ማለትም ከመተኛቱ በፊት የምናወርደው በምክንያት ነው። ብዙ መመሪያ ማውረዱንም መጫኑንም «ፖስት» ላይ ያደርገዋል፤ ያኔ ካርዱ ሞቶ ሊሆን ስለሚችል ማውረዱ ራሱ ይጣበቃል። ካርዱ እየሰማ ሳለ ማሰናበት ይሻላል። የዚህም የራሱ አደጋ አለው፣ ሲስተምዲ እዚያ ፎልደር ውስጥ ያሉት ሁሉ ሳይጨርሱ ላፕቶፑን አያስተኛም። የ«ፕሪ» ትዕዛዝ ከተንጠለጠለ ክዳኑ ተዘግቶ ላፕቶፑ ሳይተኛ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ይግላል፣ ባትሪውንም ይጨርሳል። ስለዚህ አሁን 12 ከ12 እየሠራ ሳለ ስክሪፕቱን አትጨምሪው። ጽፈሽ ሌላ ቦታ አስቀምጪው።

ሽቦ_አልባ

ለናርዶስ አንድ ማሳሰቢያ፦ ከርነሉ በአፕዴት ሲቀየር የፓራሚተሩን ፋይል እንደገና ካት አድርጊና እይ። አማራጮቹ በከርነል ስሪት ሊቀየሩ ይችላሉ፣ የማይታወቅ አማራጭ ሲመጣ ደግሞ ከርነሉ ዲሜስግ (የራሱ መዝገብ) ላይ አንድ መስመር ጽፎ ያልፈዋል እንጂ ሞጁሉን ከመጫን አያቆምም። ፋይሉ ከጠፋ ወይም «ኤን» ካለ የዋይፋዩ ችግር እስኪመለስ ሳትጠብቂ እዚህ ጻፊልን፣ የከርነሉን ስሪት በዩኔም -አር አይተሽ ጨምሪበት።